እማዬ በግድግዳ የወጣች ቀን

የመርካቶ ክረምት ዛሬም በሕልሜ ይመጣብኛል፤ ሲመጣ ደግሞ ሁልጊዜ ከአልጋ ሥር ነው የሚነሳው። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በጎኔ ተኝቼ አንድ እጄን ወደ ታች ለቅቄዋለሁ። የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ጣቶቼን ይልሳል። ድመት ናት እላለሁ በእንቅልፍ ልቤ፣ ደስም ይለኛል። እቤታችን ግን ድመት ኖሮ አያውቅም።

ያን የነሐሴ ንጋት ልክ እንደዚህ ነበር የነቃሁት። ዓይኔን ስገልጥ የቤታችን ወለል የለም። በእሱ ቦታ ሻይ የመሰለ ውሃ ተኝቶ፣ የአባቴን አንድ እግር ጫማ፣ የወጥ ማማሰያችንን፣ የሽንኩርት ልጣጭና አንድ ሙሉ ጥቅል ጎመን ይዞ በዝግታ ይዞራል። ጎመኑ ከጉልት ነጋዴዎቹ ዘንድ ተንሳፍፎ በተከፈተው በር የገባ ነው። ምሶሶውን ሲነካ ዞር ይላል፣ ከዚያ እንደገና ወደ እኔ ይመጣል። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በባልዲ ይቀዳል፤ እኔ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ሳቅኩ። አክስቴ ከእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ሆነው ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አሉኝና አፌን ዘጋሁ።

እናቴ አራስ ነበረች፤ ከወለደች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ። ከእኔ በኋላ ሁለት ወንዶች ወልዳ ሁለቱም አልቆዩላትም። አንዱ በሳል፣ አንዱ በምን እንደሆነ እንኳ ሳይታወቅ፣ ሁለቱም በክረምት ሄዱባት። ይቺኛዋ ሴት ናት። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ስም አልወጣላትም፤ ትንሿ ነበር የምንላት። እቤታችን ውስጥ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትንሿም እንደ ወንድሞቿ በብርድ እንዳትሄድ። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከጎጃም ድረስ የመጡት ለዚሁ ነው። በመጡበት ቀን ከእናቴ ትራስ ሥር ቢላዋ አስገቡ፣ መስኮቱን በጆንያ ሸፈኑ፣ ከዚያ ወዲያ አልጋው አጠገብ ካለችው በርጩማ ተነሱ ማለት ይከብደኛል።

ቤታችን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብላ የተቀመጠች ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች። አንድ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ቤት ግን ዱሮ መጋዘን ስለነበረ የድንጋይ መሠረት አለው፤ ሁለት ደረጃ ይወጣል። ውሃው የኛን ቤት ሲሞላ የእሷን ደጃፍ እንኳ አልነካም። ጎረቤታችን ከጉራጌ አገር የመጣች ሙስሊም ናት። ባሏ ቅመም ነጋዴ ነው፤ የሚሸጠውን እቤቷ ቁጭ ብላ የምትወቅጥለት እሷ ናት። እርስዎ ስላት አሮጊት አደረግሽኝ እኮ ብላ ስለምትቆጣ፣ እትዬ እያልኩ፣ ግን አንቺ እያልኩ ነው ያደግኩት።

በጋራ ግድግዳችን ላይ፣ ከእናቴ ራስጌ ከፍ ብሎ፣ ጭቃው የለቀቀበት የስኒ አፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ለግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የኛው ግን አፍም ነበረው። ሁለቱ ሴቶች በዚያች ቀዳዳ ያወራሉ፣ ሰው ያማሉ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ይቀባበላሉ። እናቴ ደጅ መውጣት ከተከለከለች ወዲህ ደግሞ ዓለሟ ያቺው ቀዳዳ ሆነች። ጎረቤታችን ዘነዘናዋን ስታሳርፍ ከወዲያ ማዶ ትንሿስ ትላለች፤ ትንሿ አልቅሳ ትመልስላታለች። ሙቀጫው ዱም፣ ዱም ሲል ደግሞ ትተኛለች። እናቴ ነጠላዋን ምስማር ላይ ሰቅላ ቀዳዳዋን ከአክስቴ ሸሽጋታለች፤ ቢያዩዋት በዚያችው ደቂቃ ያስደፍኗት ነበራ።

ያን ጠዋት አባቴ መጀመሪያ ያሰበው ትክክለኛውን ነበር። አራሷንና ልጇን ወደ ጎረቤት እናሻግር፣ ቤቱ ደረቅ ነው፣ መንገዱም ሁለት እርምጃ ነው አለ። ጎረቤታችንም በራችን ላይ ቆማ፣ አልጋዬን ለቅቄያለሁ ትላለች። አክስቴ በፍጹም አሉ። በእሳቸው ሕግ አራስ ክርስትና ሳይነሳ ደጅ አትረግጥም፤ ነፋስ ያገኛታል፣ ዓይን ያገኛታል፣ ብርድ ይገባታል። ሁለቱን የቀበራችኋቸው እንዲህ ስትዝረከረኩ ነው ሲሉ አባቴ ባልዲውን አነሳ። ልጆቹን የቀበረ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል። እናቴም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚሁ ተወሰነ፤ እሷ ከቤት ካልወጣች ውሃው ይውጣ ተባለ።

ውሃውን ስናወጣ ዋልን። አባቴ በዶማ ከበሩ ደፍ ሥር ቦይ ቀደደለት፣ እኔ በጣሳ ጨለፍኩ። ከሰዓት በኋላ ወለሉ ተመልሶ ብቅ አለ፤ ግን ወለል አይባልም፣ ሊጥ ነው። አባቴ ሥራው ያገለገለ ጆንያ መሸጥ ስለነበረ ከሱቁ አንድ ሸክም አመጣና ሊጡ ላይ አነጠፍን። ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ጆንያውን እንረግጣለን፣ ሲጠጣ እናነሳለን፣ ደጅ ወስደን እንጨምቃለን፣ ደግመን እናነጥፋለን። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና እስክስታ ነው እንዴ እያለች ትስቅብናለች። በማግስቱ አመድ በተንን፤ በአመዱ ላይ ከአናጢዎቹ ለምነን ያመጣነውን ሰጋቱራ ነሰነስን። ሰጋቱራው ቢጫ ነበርና ቤቱ ውስጥ ፀሐይ የገባች መሰለ። እኔ የደረቀ መስሎኝ ነበር።

ግድግዳው ግን አልደረቀም። እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሮ፣ እጄን ሳሳርፍበት ጣቶቼ ይቀሩበታል። ቤቱ በሙሉ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሸታል። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ትንሿ አነጠሰች። አንዴ ብቻ። ሁላችንም ቀና አልን፤ እናቴ ልጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች። አባቴ ካፖርቱን ደርቦ ተጨማሪ ሰጋቱራ ፍለጋ ወጣ። ዝናቡም ቆርቆሮው ላይ እንደገና ጀመረ።

አክስቴ ያኔ ከበርጩማቸው ተነሱ። ሦስት ማንደጃ ከሰል አስለኮሱ፤ አንዱን አልጋው እግር ሥር፣ ሁለቱን ግድግዳው ጥግ። ጎረቤታችን ይህን ሰምታ፣ የጭቃ ቤት በነፋስ እንጂ በእሳት አይደርቅም፣ በሩን ክፈቱት ብላ ነበር። አክስቴ ሴትዮዋ ስለ ቅመም ታውራ አሉና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ተረት ያስተማሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ያን ዕለት ለራሳቸው ትዝ አላላቸውም።

ከዚያ እኔን ቀዳዳ ሁሉ ድፈኚ ብለው አዘዙኝ። የበሩን ሥር በእርጥብ ጆንያ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበትን በጋዜጣ። አልጋ ላይ ወጣሁ፣ ሳጥን ላይ ወጣሁ፣ እንደ ጦጣ ተንጠላጠልኩ። አክስቴ ይቺ ናት ልጅ አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ምስጋና ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደረቴ ተነፋ፣ ምን ልዋሻችሁ። በመጨረሻ የእናቴን ነጠላ ገለጥ አደረግኩ። እናቴ ዓይኗ ተጨፍኗል ብዬ ነበር፤ አልተጨፈነም።

"ያቺን ተያት" አለችኝ በቀስታ። "እሷን አትንኪያት።"

እሺ አልኩና ወረድኩ። ብዙም ሳይቆይ እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት። አክስቴም በርጩማቸው ላይ አንገታቸው ዘንበል አለ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ቀልቷል፤ ግድግዳው መትነን ጀምሮ ቤቱ በስስ ጉም ተሞልቷል፤ ሁሉ ነገር ሩቅና ለስላሳ ሆኗል። ትንሿ እንደገና አነጠሰች። ተመልሼ ወጣሁና መዳፌን ቀዳዳዋ ላይ አደረግኩ። ነፋሱ መዳፌን ላሰኝ፣ ልክ ያን ንጋት ውሃው እንደላሰኝ። ወንድሞቼን የወሰደው ብርድ በዚች የገባ መሰለኝ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ያጠረኝን የድሮ ቀሚሴን እጅጌ፣ ቀይ አበባ ያለበትን፣ ቀድጄ ጠቀጠቅኩት፤ ከግድግዳው እርጥብ ጭቃ ዝቄ በላዩ በጣቴ ለደፍኩበት። ነጠላውን መለስኩት። ትንሿን አዳንኳት ብዬ አልጋው ላይ ከእናቴና ከትንሿ እግር ሥር ተኛሁ።

እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ በፊትም በኋላም ተኝቼ አላውቅም። ይኸው ሸምግዬም ያምረኛል፤ ማማሩ ነው የሚያስፈራኝ። ጎመኑ ተመልሶ መጣ። በዝግታ እየዞረ ከአልጋው ሥር ገባ፣ አልጋው ተነሳ፣ አራታችን በአንድ አልጋ ተጭነን ከቤት ወጣን። በሶማሌ ተራ በኩል አለፍን፤ ሱቆቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፣ ሰው የለም፣ ጣቃ ጨርቆቹ ውሃው ላይ ተዘርግተዋል። ሁለቱ ወንድሞቼ ከአንድ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረዋል። ነይ አይሉም፣ ሂጂም አይሉም። ከሩቅ የዐሥር ሰላት አዛን ይሰማል። ከአዛኑ ጋር ደግሞ የጎረቤታችን ሙቀጫ፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ምን ትወቅጣለች በዚህ ሰዓት፣ ኮረሪማ ነው መሰለኝ እላለሁ። የኮረሪማው ሽታም መጣ። ከዚያ አንድ ነገር ተገመሰና ብርሃን ፊቴ ላይ ወደቀ።

ስነቃ በሰው ቤት ወለል ላይ ነኝ። ራሴ ሊፈነዳ ነው፤ አስመለሰኝ። እናቴ አጠገቤ ተዘርግታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አክስቴ በጉልበታቸው ሆነው ደረታቸውን ይደቃሉ። ጎረቤታችን እስከ ፀጉሯ ጭቃ ሆና፣ ትንሿን በአንድ እጇ ደፍታ፣ በሌላው እጇ ጀርባዋን ታሻለች፣ ትነፋባታለች፣ እንደገና ታሻለች። ትንሿ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥላለች። ጎረቤታችን በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር ስታንሾካሹክ ብቻ ይሰማኛል። እኔ አንድ ነገር ብቻ አውቅ ነበር፤ ቀዳዳዋን የደፈንኳት እኔ መሆኔን። ከዚያ ትንሿ አለቀሰች። ለቅሶ እንኳ አይባልም፣ የበር መጮህ ያህል ነው፤ ግን ሁለተኛው በረታ፣ ሦስተኛው መንደሩን ሞላ። አባቴ ሰጋቱራውን እንደተሸከመ የደረሰው ያኔ ነው፤ ጆንያውን ከትከሻው ማውረድ ረስቶ ቆሞ ያለቅስ ጀመር።

የጋራው ግድግዳ ሰው በሚያሳልፍ ልክ ተንዶ ነበር። ውሃው ከሥር አብስሶት ራሱ ወደቀ ተባለ። ጎረቤታችን ወድቆ አገኘሁትና በዚያው ጎትቼ አወጣኋቸው አለች። አክስቴ ማርያም ናት የጣለችው አሉ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ነሐሴን ጠብቀው ዝክር ያወጡ ነበር። ሕጋቸውም አልፈረሰም። ትንሽ ነፍስ ሲዘሩ የመጀመሪያ ንግግራቸው፣ መቼም በበር አልወጣችም የሚል ነበር። እናቴ ከራስ ምታቷ ጋር እየታገለች ሳቀች። እውነትም በበር አልወጣችም፤ በግድግዳ ነው የወጣች።

በዚያው በጎረቤታችን አልጋ ላይ ሰማንያ ቀኗን ጨረሰች። ባልየው ለኛ ሲል መደብሩ ውስጥ ያድር ነበር። አክስቴ በሙስሊም ቤት ሥጋ እንዳይነካካ ብለው መጀመሪያ ድስታችንን ለይተው ያበስሉ ነበር፤ ጎረቤታችንም ይህን አውቃ ለእናቴ ሥጋ አቅርባ አታውቅም፤ ገንፎዋን ግን በቅቤ አርሳ ትሰጣታለች። ሁለቱ ሴቶች ቀስ በቀስ ተላመዱ። በመጨረሻ አክስቴ ሙቀጫው ዘንድ ቁጭ ብለው በሶብላ ሲለቅሙ አያቸው ነበር። አባቴ አንዴ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ቢል፣ የሩቅ ዘመዷ በዓይናቸው ገላመጡትና ሁለተኛ አልደገመውም።

የኛን ቤት ያደረቀው ጎረቤታችን ያለችው ነፋስ ነው። በሩም መስኮቱም ቀን ቀን ተከፍቶ ይውላል። የበሰበሰውን ጭቃ ልጠን ጣልን፣ ማገሩ እርቃኑን ቀርቶ ነፋስ ጠጣ። መስከረም ሲጠባ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ፣ ወለሉን አቋርጣ፣ በተናደው ግድግዳ አልፋ የጎረቤታችን አልጋ ላይ፣ የትንሿ እግር ላይ ትደርስ ነበር። እኔ ባዶው ቤት መሐል ቁጭ ብዬ ወለሉ ቀለሙን ሲቀይር አያለሁ። ጥቁሩ ቡናማ ይሆናል፣ ቡናማው ግራጫ፣ ከዳር ወደ መሐል። አንድ ቀን ጠዋት መሐል ላይ የቀረችው እርጥብ ቦታ እንጀራ ታህል ነበር፤ ማታ ስመለስ የለችም።

በጥቅምት ግድግዳው ተሠራ። ለሳኙ ሲጨርስ እናቴ እዚች ጋ ስኒ የምታህል ተውልኝ አለችው። ሰውየው ግራ ገብቶት አክስቴን አየ፤ አክስቴ በሶብላቸውን መልቀም ቀጠሉ። የዚያን ቀን እናቴ ለብቻዬ ጠራችኝና፣ ያኔ ቀዳዳዋን ነክተሻታል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አልነካሁም አልኳት። ማርያምን አልኳት። አምናኝ ይሁን ትታኝ እንጃ፣ ራሴን ዳሰስ አድርጋ ለቀቀችኝ። ከዚያ ወዲህ የግድግዳው ተአምር በተወራ ቁጥር ከሰው መሐል ተነስቼ እወጣለሁ። ጨርቁ ከፍርስራሹ ጋር ተጠርጎ የሄደ መስሎኝ ነበር። ትንሿ ስም ወጣላት፣ አደገች፣ ክረምት ከበጋ መስኮት ካልተከፈተ አልተኛም የምትል ነዝናዛ ሆነች። እኔ ደግሞ እሷን በስሟ ጠርቻት አላውቅም።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። አገባሁ፤ እዚያው መርካቶ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ወሩ ሐምሌ ነበር። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ፣ የታላቅ እህቷ ነገር ሳይለቃት፣ መስኮቱን ዘጋችብኝ። በአሥረኛው ቀን ጎረቤታችን አራስ ልትጠይቅ መጣች። ፀጉሯ ሸብቶ ነበር። ገና እንደገባች፣ ሰላምታም ሳትጨርስ፣ ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው። እናቴ እየሳቀች ሻይ ልታፈላ ወጣች። ጎረቤታችን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከመቀነቷ ውስጥ የተጣጠፈ ነገር አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

እጅጌዬ ነበር። ቀዩ አበባ ደብዝዟል። ጭቃው ግን ደርቆ ተጣብቆበታል፤ የሦስት ጣት አሻራ ይታያል፤ ትንንሽ ጣቶች።

"ትንሿ ዝም አለችብኝ" አለችኝ። "ብጣራ መልስ የለም። ጣቴን ብሰድ ጨርቅ ነካኝ፤ ስስበው ይሄ ወጣ፣ ጭሱ ተከትሎት። በራችሁ ተቀርቅሯል። ዘነዘናዬን አነሳሁና ግድግዳውን ወቀጥኩት። እርጥብ ስለሆነ ነው እሺ ያለኝ፤ ደርቆ ቢሆን አልችለውም ነበር።"

ኮረሪማ አልነበረም ለካ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮረሪማ ነው ስል ኖሬአለሁ። ታዲያ ለምን ራሱ ወደቀ አልሽ ብዬ ጠየቅኳት።

"ሰበርኩት ብል ለምን ይሉኛል። ቀዳዳው ተደፍኖ ነው ብል፣ ማን ደፈነው ይላሉ።" ልጄን አነሳችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረገችው። "ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።"

አለቀስኩ። አራስ አታለቅስም ብላ ተቆጣችኝ። ለትንሿ ልንገራት ወይ ስላት፣ ግድግዳውን እኔ ጣልኩት ብለሽ ንገሪያት፣ ቀዳዳዋን ግን ተያት አለችኝ። እናቴ ሻዩን ይዛ ገባችና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርን።

ነገርኳት፤ ግድግዳውን። ትንሿ በማግስቱ ሮጣ ሄዳ የሴትዮዋን እጅ ስትስም ዋለች። ቀዳዳዋን ግን ቃሏን ጠብቄ ተውኳት። ጎረቤታችን አሁን የለችም፣ እናቴም የለችም፤ ጨርቁ ይኸው ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ትንሿ፣ ይህን የምታነቢው መስኮትሽን ከፍተሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ያቺን ቀዳዳ የደፈንኳት እኔ ነኝ።